120 ፍሬ ቡና

አባቴ ራፖር ጻፊ ነበር። ደሴ አረብ ገንዳ፣ የሙስሊሞቹ ዳኛ ቃዲው ከሚያስችሉበት ግቢ በር አጠገብ፣ አንድ ባለሦስት እግር በርጩማና አንድ የሳሙና ሣጥን ነበረው። ሣጥኑ ጠረጴዛው ነው። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ የቀለም ብልቃጡን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሥራዬ ቀለሙ እንዳይደፋ፣ ወረቀቱንም ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ እንዳይወስደው መጠበቅ ነበር። ዘመኑ 1958 ወይም 59 ዓ.ም. ነው።

አባቴ ክርስቲያን ነው። ጽሕፈት የተማረው ከመሪጌታ እግር ሥር ነው። ያ ለዳዊትና ለድጓ የተገራ እጅ ግን ዕድሜውን የፈጀው የሙስሊም ባልና ሚስት ክርክር ሲጽፍ ነው። ወሎ ውስጥ ይህ ማንንም አያስገርምም ነበር፤ አንድ ቤት ውስጥ ወንድሙ መሐመድ፣ እሱ ገብሬ የሆነ ስንቱ ነው። ቃዲው በዐረብኛ የጠለቁ ሊቅ ነበሩ፤ የመንግሥት ወረቀት ግን በአማርኛ ነው፣ ያውም «ሲሉ አመለከቱ»፣ «ይኸው ታውቆ» እየተባለ በሚጻፈው የቢሮ አማርኛ። ስለዚህ ባለጉዳይ መጀመሪያ አባቴ ዘንድ ይቀመጣል። አባቴም ማመልከቻውን «ቢስሚላህ» ብሎ በፊደላችን ይጀምርና ቃሏን በቀይ ቀለም ይጽፋታል። ማንም አላዘዘውም። በብራና ላይ የአምላክ ስም በቀይ ይጻፍ ስለነበር እጁ አልታዘዝ ብሎት ነው። የንስሐ አባቱ ሰምተው ቢቆጡት «አባ፣ እኔ የሸጥኩት ቀለሙን ነው» አላቸው ይባላል።

ግቢው ፍርድ ቤት አይመስልም ነበር። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ወለሉ ላይ ሰሌን ተነጥፏል፤ ቃዲው ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ፤ በቀኛቸው ኪታቦቻቸው፣ በግራቸው ክዳኑ የጠፋ ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ውስጥ ጥሬ ቡና አለ። ያ ቡና ተቆልቶ አያውቅም። ከእጅ ብዛት ጠቁሮ፣ ወዝ ጠጥቶ፣ እንደ ሙስበሐ ፍሬ ያበራ ነበር።

ቡናው ለምን እንደሆነ ያወቅኩት አንድ የሰኞ ገበያ ጨው ነጋዴ የሞተ ጊዜ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ መጣ፤ ሚስቱ፣ አሮጊት እናቱ፣ ሁለት ወንዶች ልጆችና በኔ ዕድሜ የምትሆን አንዲት ሴት ልጅ። የተተወው አንድ ሱቅ ያለበት ቤት ነው። ወንዶቹ ገና ቁጭ ሳይሉ መጨቃጨቅ ጀምረዋል። ቃዲው ምንም ሳይናገሩ ቆርቆሮውን ሰሌኑ ላይ ገለበጡትና በሁለት ጣታቸው መቁጠር ያዙ። ሁላችንም ጸጥ አልን። ሰው ሲቆጥር ማቋረጥ ነውር ነዋ።

120 ሲደርሱ አቆሙ። ከዚያ 15 ፍሬ ወደ ሚስቲቱ ገፉ፤ ልጅ ያለው ሰው ሲሞት ለሚስቱ ከስምንት አንድ ነው። 20 ለእናቲቱ፤ ከስድስት አንድ። የቀረው 85 ነው። ወንድ የሴት እጥፍ ይወስዳልና ለያንዳንዱ ወንድ 34፣ ለልጅቷ 17 ሆነ። ምንም ፍሬ አልተረፈም፣ ምንም አልጎደለም። እኔ በኋላ የሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ጋራ ብዜት ሳስተምር ያቺን ጉብታ ጉብታ ቡና ነበር ሰሌዳ ላይ የምስላት። 24 ለምን እንደማይበቃ፣ ለምን አምስት እጥፍ አድርጎ 120 ማድረስ እንዳስፈለገ ቃዲው በጭንቅላታቸው ነበር የጨረሱት።

ልጅቷ የራሷን ጉብታ አየች፤ የወንድሟን አየች።

«የኔ ለምን አነሰ?» አለች። እናቷ በክርን ጎሸመቻት። ቃዲው ግን አልተቆጡም።

«የሱ ላይ ሰው አለበት ልጄ። ነገ ሚስት ይቀልባል፣ አንቺንም ብትቸገሪ ያበላል። ያንቺ ያንቺው ብቻ ነው፤ ማንም አይካፈልሽም።»

ያኔ ይህ መልስ በቂ መስሎኝ ነበር። አሁን እጠራጠራለሁ፤ አንዱ ወንድሟ ከዓመት በኋላ ድርሻውን ሸጦ አሰብ ወርዶ ጠፋ፣ ማንንም ሲያበላ አልታየም። የማልረሳው ግን ከዚያ የሆነውን ነው። አሮጊቷ እጃቸውን ከነጠላቸው አወጡና 20 ፍሬያቸውን ወደ ልጅቷ ጉብታ ጠረጉት። ወንዶቹ ሊናገሩ ሲሉ ቃዲው እጃቸውን አነሱ።

«ሂባ ነው። ስጦታ። በእጇ አድርጊላት፣ ያልተጨበጠ ስጦታ አይጸናም።» ልጅቷ ቡናውን በሁለት እጇ አፈሰችው። 37 ፍሬ። ቃዲው ወደ ጸሐፊያቸው ዞረው «ጻፍ» አሉ፤ አባቴ ደጅ ሆኖ ይህንን ሲሰማ ሳቁን አፉ ውስጥ ያዘው።

ያ ግቢ ከየት እንደመጣ አባቴ ሲያወራ ከጦሳ ማዶ እጁን ይዘረጋ ነበር። ከደሴ ወጣ ሲሉ ቦሩ ሜዳ አለ፤ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ አድርገው የወሎን ሙስሊም «ተጠመቅ» ያሉበት። የኛው ኢማም መሐመድ አሊ ያኔ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ ደሴን ከተማ አደረጉ፣ አይጠየፍ አዳራሽን ሠሩ፣ ንጉሥም ተባሉ። እንግዲህ ከዚያ ጉባኤ 66 ዓመት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ አዋጅ ስለ ናኢባና ስለ ቃዲ ሸንጎዎች ይደነግጋል። ቁጥሩ 62 ነው። ከሥር የናኢባ ሸንጎ፣ ከፍ ብሎ የቃዲ ሸንጎ፣ ከበላይ ደግሞ የሸሪዓው ሸንጎ፤ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ሞግዚትነት፣ ውርስ፣ ኑዛዜ፣ ሂባ፣ ወቅፍ። ጣልያን በአምስቱ ዓመት የሸሪዓ ዳኞችን አበርትቶ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ ነገሩን ከመንቀል በራሳቸው ማኅተም ማጽናቱን መረጡ። ደግነት ነው ስልት ነው የሚለውን ለታሪክ ጸሐፊዎች እተዋለሁ። አባቴ አዋጁን በእጁ ገልብጦ በሣጥኑ ታች ያስቀምጠው ነበር፤ አንዳንዴ ባለጉዳይ ሲጠራጠር አውጥቶ ያሳየዋል።

ችግሩ የመጣው በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ ነው። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው ያ ወፍራም መጽሐፍ ስለ ጋብቻና ስለ ውርስ ዝርዝሩን ለሁሉም አንድ አድርጎ ደነገገ፤ በመጨረሻም በ3347ኛው ቁጥር፣ በዚህ ሕግ በተሸፈነ ጉዳይ ላይ የነበረው የቀድሞ ደንብና ልማድ ሁሉ ተሽሯል አለ። ስለ ቃዲዎች አንድም ቃል የለውም። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ ጠበቃ ከአባቴ ሣጥን ፊት ቆሞ «ይህ ፍርድ ቤት እኮ የለም» አለው። አባቴ ወደ ግቢው ቢመለከት ቃዲው አሉ፣ ሰሌኑ አለ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው እስከ አጥሩ ሞልቷል። «እንግዲያው እነዚህን ሰዎች ንገራቸው» አለው። ጠበቃው አልነገራቸውም። በወረቀት ላይ መኖሩ ያጠራጠረ ቤት በየጧቱ እየተከፈተ፣ የፈረደውም እየተፈጸመ ኖረ። የመንግሥት ፍርድ ቤቶችም የተመቻቸው ይመስለኛል፤ ጉዳዩ ወደነሱ ሲሄድ «የናንተ በዚያው በናንተ ይለቅ» እያሉ ይመልሱ ነበር።

እስካሁን ያወራሁት ደስ የሚለውን ነው። ትዝታ ሲያወሩት ይጣፍጣልና ሰው የሚጎመዝዘውን ይዘላል። እኔ ልዘለው አልችልም፤ ምክንያቱም ወረቀቱን የጻፈው አባቴ ነው።

ከኛ ቤት ጀርባ እትዬ የምንላቸው ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው የአሰብን መንገድ የሚመላለስ ነጋዴ ነው። አንድ ቀን ሰውየው ደሴ ገብቶ፣ ቤቱ ሳይሄድ፣ አባቴ ሣጥን ፊት ተቀመጠ። ሚስቱን ፈትቷል፤ በቃዲው መዝገብ እንዲገባለት ይፈልጋል። አባቴ ጻፈ። አንድ ሽልንግ ተቀበለ። እኔ ብልቃጡን ይዤ ነበር፣ «ጦላቅ»፣ ፍቺ፣ የሚለውን ቃልም አየሁት። እትዬ ግን ሦስት ቀን አላወቁም ነበር። በነዚያ ሦስት ቀናት በየጧቱ በአጥር በኩል «እንዴት አደራችሁ» ይሉናል፤ አባቴም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አደሩ» ይላል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ፊቱን እመለከታለሁ።

ሲያውቁ ቃዲው ዘንድ ቀረቡ። ፍርዱ በሸሪዓው ሚዛን እንከን የለበትም፤ ያልተከፈለው መህር፣ የጋብቻቸው ገንዘብ፣ እንዲከፈላቸው፣ ከፍቺ በኋላ የሚጠብቁት የዒዳ ጊዜ እስኪያልቅ ቀለብ እንዲቆረጥላቸው ተፈረደ። ነጋዴው እዚያው ቆጥሮ ሰጠ። እትዬ ገንዘቡን አላነሱትም።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ቃዲው «ፍቺ በባል እጅ ነው እታለም፣ አንቺ ብትፈልጊ መህርሽን መልሰሽ በኹልዕ መፋታት ነበረሽ» ብለው ሊያስረዱ ሞከሩ። እትዬ የጠየቁት ግን ስለ ፍቺው ብቻ አልነበረም። «እዚህ ቤት ልዳኝ ብዬ መቼ መጣሁ?» ነው ያሉት። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ይህን እንደ ብልግና ቆጠረው። ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ መለሷቸው። ከዚያ በኋላ በአጥሩ በኩል እንዴት አደራችሁ አላሉንም። እናቴ ለአባቴ ስለዚህ አንድ ቃል የተናገረችው ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው፤ «ቢያንስ ሰላምታውን ባትመልስላት ኖሮ» አለችው።

ከዚያ 1966 መጣ። ከቆላው የፈለሰው ሕዝብ በደሴ መንገዶች ላይ ነበር፤ ስለ ረሃቡ ብዙ ተጽፏልና እኔ የማወራው ስለ አንድ ልጅ ብቻ ነው። 12 ዓመት ቢሆነው ነው። አባቱ በደህናው ጊዜ ሁለት ላም ደጋ ላይ ለአጎቱ በርቢ ሰጥቶ ነበር፤ አጎትየው «የኔም ድርሻ አለበት» ብሎ ያዛቸው። ቃዲው ዘንድ ቀረቡ።

ቃዲው መጠየቅ ግድ ነበረባቸው። የሸሪዓ ውርስ በሞት ቅደም ተከተል ይሄዳል። አባት ቀድሞ ሞቶ እናት ከሱ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ብትቆይ ድርሻዋን ወርሳለች፣ የሷ ደግሞ ወደ ወገኖቿ ይሻገራል። ማን እንደቀደመ ካልታወቀ እርስ በርስ አይዋረሱም።

«ማን ቀድሞ ሞተ ልጄ?»

ልጁ በጣቱ ቆጠረ። አባቱ። ቀጥሎ ታናሽ እህቱ፣ መንገድ ላይ። ከዚያ ሁለት ጣቱን አንድ ላይ አነሳና «እናቴና ሕፃኑ… ሌሊት ነው፣ ተኝቼ ነበር» አለ።

ቃዲው እጃቸውን ወደ ቆርቆሮው ሰድደው ነበር። እዚያው አቆዩት። የእናቱ ወገን፣ አያት፣ አክስት የሚሆን አለ ወይ ብለው ጠየቁት። የለም። ሌላ ወንድም? የለም። ከዚያ እጃቸውን ባዶውን መለሱት፤ ወራሽ አንድ ሲሆን ቡና አይቆጠርም። ላሞቹ የልጁ ናቸው ተባለ፣ አጎትየው አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ሞግዚት እስኪገኝ ድረስም ላሞቹ ቃዲው ግቢ ታስረው ከረሙ። አባቴ ለልጁ የጻፈበትን ዋጋ አልተቀበለም፤ ያን ቀን ሌላ ምንም አልጻፈም።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 12 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ሰልፍ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም ተቀላቀሏቸው። ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን ካቀረቧቸው 13 ጥያቄዎች መካከል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ጉዳይ አንዱ ነበር። ወሬው ደሴ ሲደርስ ቃዲው ራሳቸው ከግቢው ወጥተው ከአባቴ ሣጥን አጠገብ ቆሙ። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት፤ «ሠላሳ ዓመት ፈረድኩ። ደመወዜን የሚያውቅ መንግሥት ግን አላየሁም» አሉ።

ደርግ የሙስሊሙን በዓላት የመንግሥት በዓል አደረገ። ፍርድ ቤቱን አልነካውም፤ ግን ቡናውን አሳነሰው ብል ይቀለኛል። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። የጨው ነጋዴው ዓይነት ውርስ አለቀ፤ 120 ቦታ የሚከፈል ምን ቀረ? ጥቃቅኑን ክርክር የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ወሰደው። አባቴም ሣጥኑን አንስቶ ቀበሌው በር ላይ አኖረው፣ «ቢስሚላህ»ውም ቀርቶ ማመልከቻው ሁሉ በ«ጓድ» መጀመር ጀመረ። ቀይ ቀለሙ ግን እዚያም ጠቀመው።

ቃዲው ያረፉት በደርግ ጊዜ ነው፤ ቀጥሎ የመጣውን ሕግ ሳያዩት። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባሕል ሕግ መዳኘቱን አልከለከለም፤ 78ኛው አንቀጽ ደግሞ ቀድሞ እውቅና የነበራቸው እነዚህ ፍርድ ቤቶች እንደገና እንዲደራጁ በሩን ከፈተ። በ1992 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188 ወጣ። የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛ፣ ጠቅላይ፤ በጀት ከመንግሥት፤ ቃዲዎቹን የሚያቀርበው የእስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት፣ የሚሾመው የፌዴራል ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ። ክልሎችም የየራሳቸውን አዋጅ አወጡ። ዳኝነቱ በሸሪዓ፣ ቀጠሮውና መጥሪያው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሆነ። ያኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ጋዜጣውን ገዝቼ አውቶቡስ ውስጥ አነበብኩት። የጉዳዮቹን ዝርዝር ሳይ ሳቄ መጣ፤ በአባቴ ሣጥን ታች የነበረው የ1936ቱ ዝርዝር ነው፣ ምንም ያህል አልተቀየረም። አዲሱ ነገር አንድ ነው፤ ፈቃድ። ተከራካሪው «እዚህ ልዳኝ» ማለት አለበት።

እትዬ በ1950ዎቹ የጠየቁት ያንኑ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩትም። በአዋጁ መሠረት መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። ዝም ያለ ሰው «እሺ» ያለ የሚሆንበት አገር እንዳለ አውቃለሁ፤ አጥራችን ሥር ነበር ያደገው። በ1996 ግን ሌላ ነገር ተሰማ። አንዲት ሴት በውርስ ክርክር ተጠርታ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቀርባ «እዚህ መዳኘት አልፈልግም» ትላለች፤ ክርክሩ ይቀጥላል፤ በየደረጃው ይግባኝ ትላለች፤ ሰበርም አልረዳትም። በመጨረሻ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ፈቃዷ ሳይኖር የተሰጠው ፍርድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ያን ዕለት አባቴ በሕይወት ኖሮ ቢሆን ምን ይል ይሆን እያልኩ አደርኩ። ምናልባት ምንም አይልም ነበር።

ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ ባሏ ሞተባትና ለውርስ ማረጋገጫ እንድከተላት ለመነችኝ፤ መነጽሯ ተሰብሮ ነበር። የሄድንበት ቢሮ ወንበርና ኮምፒዩተር አለው፣ ጫማ አይወልቅም። ወጣቱ ቃዲ የመንግሥት ባጅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ ድርሻውን በስልኩ አስልቶ በአንድ ደቂቃ ጨረሰው። ልክ ነው፣ እኔም በልቤ አስልቼ አረጋገጥኩት። ከጠረጴዛው ላይ ቡና ፈለግኩ፤ ያለው የላስቲክ ኩባያ ሻይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን የመዝገብ ቤቷ ልጅ አንድ ቅጽ ሰጥታት ነበር። አነበብኩላት። በዚህ ፍርድ ቤት በሸሪዓ ሕግ ለመዳኘት ፈቃደኛ መሆኗን የሚገልጽ ነው፤ ከታች የፊርማ ቦታ። «ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት።

«ካልፈረምኩስ?» አለች ለልጅቷ።

«መደበኛ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ እናቴ።»

«እንዲያው ዝም ብዬ?»

«እንዲያው።»

ጎረቤቴ እስክሪብቶውን ያዘችና ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። ልጅቷ ወረፋውን በእጇ አቆመችውና «ይጨርሱ፣ ጊዜ አላቸው» አለች።